ኑዛዜው ሁለት ነው እንዴ?

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የምተረጉማቸው ሰነዶች አብዛኞቹ ውልና ኑዛዜ ናቸው፤ ዘወትር የሚያቆሙኝም ከባዶቹ የሕግ ሐሳቦች ሳይሆኑ፣ ጥንድ ሆነው የሚመጡ፣ ትርጉማቸው ግን አንድ የሆነ ቃላት ናቸው። መጀመሪያ የገጠመኝ «ዊል ኤንድ ቴስታመንት» የሚለው ነበር። ሁለቱም ኑዛዜ ማለት ነው፤ እኔ ግን አንዱን ብተወው የተናዛዡን ሐሳብ የማጎድል መስሎኝ «ኑዛዜና የመጨረሻ ቃል» ብዬ ጻፍሁ። ትርጉሙን ያነበቡት አዛውንት «ልጄ፣ ኑዛዜው ሁለት ነው እንዴ?» ብለው ሲጠይቁኝ ስሕተቴ ገባኝ።

ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ መኳንንቱ ፈረንሳይኛ፣ ሕዝቡ እንግሊዝኛ ይናገር፣ ቤተ ክህነቱም በላቲን ይጽፍ ስለ ነበር፣ በሰነድ ላይ የሁለት ቋንቋ ቃላትን ጎን ለጎን ማስፈር እየተለመደ ሄደ። «ዊል» የጥንት እንግሊዝኛ፣ «ቴስታመንት» ደግሞ የላቲን ቃል ነው፤ ንብረትን የሚመለከተው «ጉድስ ኤንድ ቻትልስ» ውስጥም ፊተኛው የአገሬው፣ ኋለኛው የፈረንሳይኛ ነው። የቋንቋው መደራረብ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር የሚያሳየው በ1362 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ነው፤ የፍርድ ቤት ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲካሄድ ያዘዘው ይህ ሕግ ራሱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ሲሆን፣ መዝገቡ በላቲን እንዲያዝ ይደነግጋል። «ነል ኤንድ ቮይድ» ግን ሁለቱም ከፈረንሳይኛ የገቡ ናቸውና የቋንቋ ልዩነት አያስረዳውም፤ እዚህ ላይ የቀረው ልማዱ ብቻ ነው። ለእኛ «ፈራሽ» ይበቃል።

በዕለት ንግግር ያሉትን፣ «ፍሪ ጊፍት» (ነጻ ስጦታ) እና «ፒን ነምበር» («ፒን» ራሱ የምስጢር ቁጥር ማለት ሆኖ ሳለ) የሚሉትን፣ ብዙ ሰው እንደ ስንፍና ይቆጥራቸዋል፤ እኔ አልስማማም። የ«ኤቲኤም» የመጨረሻ ፊደል ማሽንን የሚወክል ሆኖ ሳለ «ኤቲኤም ማሽን» የምንለው ፊደሉ ትርጉሙን ስለማያሰማን ነው። «መምህራን» በግእዙ ሥርዓት ብዙ ቁጥር መሆኑ ለጆሮ ሲደበዝዝ «መምህራኖች» የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰሚው ያልሰማውን ተናጋሪው ይደግምለታል።

ስለዚህ አሁን ከመተርጎሜ በፊት ሁለተኛው ቃል የጨመረው ትርጉም ወይም አጽንዖት መኖሩን አጣራለሁ። «ኢች ኤንድ ኤቭሪ» ሲገጥመኝ ግን ጥንድ አልፈልግም፤ «እያንዳንዱ» በውስጡ «አንድ»ን ሁለት ጊዜ ይዟል።