ስኳር አለብሽ ከተባልኩ በኋላ ከትሪው ጋር የተደረገ ድርድር

የደም ስኳር በባዶ ሆድ ተለክቶ 126 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በድጋሚ ምርመራም ከተረጋገጠ፣ ስኳር ነው ይባላል። የእኔ ከ200 በላይ ነበር። ሐኪሙ ሜትፎርሚን የሚባል የስኳር ኪኒን አዘዘልኝና ሳህን የተሳለበት ወረቀት ሰጠኝ። ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ፕሮቲን፣ ሩቡ ዳቦ ወይም ሩዝ።

ጥሩ ነው። ግን እኛ ቤት ሳህኑ ራሱ ይበላል! እንጀራው ከታች ተነጥፏል፣ ወጡ ከላይ ነው፣ የተጠቀለለው ከጎን እየተጨመረ ቤተሰቡ ሁሉ ከአንድ ትሪ ይበላል። ሩቡ የቱ ጋ ነው? ምን ያህል እንደበላሁ በምን ላውቅ?

ስለዚህ መጀመሪያ ከትሪው ወጣሁ። የራሴን ሳህን ያዝኩ። ግማሽ እንጀራ ተጠቅልሎ ከጎን፤ ጎመን ወይም ሰላጣ በብዛት፤ ከዚያ ምስር፣ ሽሮ ወይም ዓሣ። እንጀራው ሲያልቅ የቀረውን ወጥ በማንኪያ። ሽሮ በማንኪያ ስበላ ያየ ሁሉ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ከባዱ ጉርሻ ነው። የአክስቴ ጉርሻ የሕፃን ጡጫ ያክላል፣ «በሞቴ!» ካለች ደግሞ ማምለጫ የለም። አሁን «እሺ እትዬ፣ ግን ከጎመኑ ይሁንልኝ» እላለሁ። እሷም አልተከፋች፣ እኔም ተረፍኩ።

«ጥቁር ጤፍ ስኳር አያመጣም»፣ «ማር ችግር የለውም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ጤፍ ፋይበር አለው፣ እውነት ነው። ግን ስታርች ነው፣ ሆድ ገብቶ ስኳር ይሆናል። ማርማ ያው ስኳር ነው። ክርክሩን የፈታልኝ የደም ስኳር መለኪያው ነው። ምግብ ከጀመርኩ ከሁለት ሰዓት በኋላ እለካለሁ፤ የተሰጠኝ ግብ ከ180 በታች ነው። እንጀራ በድንች ወጥ ስበላ አልፎ ይሄዳል፤ ግማሽ እንጀራ በጎመንና በምስር ሲሆን አያልፍም። የመለኪያው ስትሪፕ ውድ ስለሆነ የምጠረጥረውን ምግብ ብቻ ነው የምለካው። የማውቀውን ጎመን ለምን ልለካ?

መጠጥ ላይ ብዙ መጨነቅ አላስፈለገኝም። አንድ ጠርሙስ ኮካ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ ሰባት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ተውኩት። ጁስ ቤት አቮካዶ ሳዝ «ሽሮፕ እንዳይገባበት» እላለሁ፤ አቮካዶው ራሱ ምንም አይልም። ቡና ግን አስቸገረኝ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየሲኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ ሲደመር ስድስት ነው። ቀስ በቀስ ቀነስኩ። አሁን ያለ ስኳር ነው የምጠጣው፣ መራራነቱንም ወድጄዋለሁ። ከቡናው ጋር የሚቀርበው ፈንዲሻ ላይም ስኳር አይነሰነስብኝም። ቆሎ ከሆነ አንድ እፍኝ ዘግኜ ሳህኑን አርቀዋለሁ፤ አጠገቤ ከተቀመጠ አልቆ ነው የሚነሳው።

ፆም ሲመጣ ምስሩና ሽሮው ይመቸኛል። የሚያሳስበው ሰዓቱ ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ሌላ የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያንቀጠቅጣል፣ ያልባል። ያኔ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው፣ ፆም ነው አይባልም። የእኔ መድኃኒት ብቻውን ሲወሰድ እንዲህ የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። ቢሆንም ሁዳዴ ሳይገባ ከሐኪሜ ጋር የኪኒኑን ሰዓት አስተካከልን፣ ለንስሐ አባቴም ነገርኳቸው። «ከመድኃኒትሽ ጋር የሚፈልገውን ብይ» አሉኝ።