ክፉኛ የከሳ ሕፃን ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ፦ የ6ኛ ዙር ልምምድ ማስታወሻ

ያለፉት ዙሮች በነፍሰ ጡሮችና በአረጋውያን ላይ ያተኮሩ ነበሩ። በዚህኛው የያዝነው ከሁሉም የሚከብደውን ነው፤ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴ.ሜ. በታች የሆነ ወይም ሁለት እግሩ ያበጠ ሕፃን ተቅማጥ ይዞት ሲመጣ። እዚህ ላይ ሕፃኑን የሚጎዳው የለመደ እጅ ነው። ምክንያቱ ካልገባን ቁጥር መሸምደድ ብቻውን ሌሊት አያዋጣም።

የዚህ ሕፃን የልብ ጡንቻ ሳስቷል። ኩላሊቱ ሶዲየም ቶሎ አያስወጣም፤ ሴሎቹ ውስጥ ሶዲየም ተከማችቶ ፖታሲየም ጎድሏል። ሌላውን ሕፃን የሚያድነው ፈጣን ቦለስ (በአንዴ በደም ሥር የሚሰጥ ብዙ ፈሳሽ) እዚህ ሳንባ ላይ የሚቀር ውሃ ይሆናል። የባሰው ደግሞ ምልክቶቹ ማሳሳታቸው ነው። ከቆዳው ሥር ስብ ስለሌለ ሆዱን ቆንጠጥ ሲያደርጉት ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ዓይኑም በዚያው ምክንያት ጎድጉዷል። ሁለቱም ድርቀት ሳይኖር ይታያሉ። ስለዚህ እናቱን መጠየቅ ይቀድማል፦ «ዓይኑ የጎደጎደው ተቅማጡ ከጀመረው ወዲህ ነው ወይስ ድሮም እንዲህ ነበር? ሽንቱን መቼ ሸና?»

ከፈሳሽ በፊት ስኳር። የደም ስኳሩ ከ54 ሚ.ግ./ዴ.ሊ. በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ ወርዷል ብሎ ማከም ነው። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ 50 ሚ.ሊ. ባለ 10% ግሉኮስ በአፍ ይሰጠዋል፤ ከጠፋ 50 ሚ.ሊ. ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሞላ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይሟሟል። ራሱን ከሳተ ከዚሁ ባለ 10% ግሉኮስ 5 ሚ.ሊ. በኪሎ በደም ሥር፣ ከዚያ 50 ሚ.ሊ. በአፍንጫ ቱቦ።

ልምምዱ ላይ ብዙ እጅ የተሳሳተው እዚህ ነው። መደርደሪያው ላይ የሚገኘው ባለ 40% ግሉኮስ ነው፤ እንዳለ ከተገፋ ደም ሥር ያቃጥላል፣ ከወጣም ሥጋ ይበላል። አንድ እጅ ግሉኮስ ከሦስት እጅ የመርፌ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 10% ይሆናል። ለ6 ኪሎ ሕፃን የሚያስፈልገው 30 ሚ.ሊ. ነው። በ20 ሲሪንጅ መጀመሪያ 5 ሚ.ሊ. ግሉኮስ እስከ መስመሩ ይሳባል፣ ከዚያ 15 ሚ.ሊ. ውሃ፤ ሲሪንጁ ሁለት ሦስት ጊዜ ተገልብጦ ይደባለቃል፣ ወፍራሙ ፈሳሽ ታች ተኝቶ ይቀራልና። ቀጥሎ 2.5 ከ7.5 ጋር። ከ30 ደቂቃ በኋላ ስኳሩ እንደገና ይለካል።

ስኳርና ሙቀት አብረው ይወርዳሉ። በብብት ከ35 ዲግሪ በታች ከሆነ ራሱ በቆብ ተሸፍኖ እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ይደረግና ጋቢ ይደረብበታል። ገላ ማጠብ አይታሰብም።

ሾክ (ደም ለሰውነት በበቂ የማይደርስበት አደጋ፤ ምልክቶቹ ከታች አሉ) የሌለው ግን ድርቀት ያለበት ሕፃን ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) አያስፈልገውም። ሪሶማል (ለክፉኛ የከሳ ሕፃን የሚዘጋጅ የድርቀት መጠጥ) 5 ሚ.ሊ. በኪሎ በየ30 ደቂቃው ለ2 ሰዓት ይሰጠዋል፤ ለ6 ኪሎ 30 ሚ.ሊ. በየጊዜው ማለት ነው። ከዚያ ከ5 እስከ 10 ሚ.ሊ. በኪሎ፣ አንድ ሰዓት ሪሶማል፣ ቀጣዩን ሰዓት ኤፍ-75 (የመጀመሪያው ደረጃ የሕክምና ወተት)፣ ቢበዛ ለ10 ሰዓት ያህል። ሪሶማል በሊትር 45 ሚሊሞል ሶዲየም ሲኖረው የተለመደው ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠው የስኳርና የጨው ድብልቅ) 75 አለው። ኮሌራ ከተጠረጠረ ግን የሚወጣው ሶዲየም ብዙ ስለሆነ ኦአርኤሱ ነው የሚሰጠው። ይህ ልዩነት በየዙሩ ይረሳል።

መጠጡ ሳይጀመር የልብ ምትና ትንፋሽ ሙሉ ደቂቃ ተቆጥሮ ይጻፋል። የጉበቱ ጠርዝ ተዳስሶ ቆዳው ላይ በእስክሪብቶ መስመር ይሰመርበታል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጣት ከመስመሩ በታች ጉበት ካገኘ፣ ወይም ምቱ በ25 ትንፋሹም በ5 ከጨመረ፣ ፈሳሹ ወዲያው ይቆማል። «ትንሽ እንጠብቅ» የሚባልበት ቦታ አይደለም።

ሾክ የሚባለው ሲዝለፈለፍ ወይም ራሱን ሲስት፣ እጁ ሲቀዘቅዝ፣ ከዚያም ጋር የተጫነ ጥፍር ቀለሙን ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ሲፈጅ ወይም ምቱ ደካማና ፈጣን ሲሆን ነው። ያኔ ኦክሲጅንና ግሉኮሱ ተሰጥቶ 15 ሚ.ሊ. በኪሎ በ1 ሰዓት፣ 5% ግሉኮስ ያለበት ሪንገር ላክቴት (የደም ሥር ፈሳሽ) ይንጠለጠላል። ተዘጋጅቶ ካልመጣ ከ500 ሚ.ሊ. ከረጢት 60 ሚ.ሊ. አውጥቶ ሦስት ባለ 20 ሚ.ሊ. ብልቃጥ 40% ግሉኮስ መጨመር ወደ 5% ያደርሰዋል። ለ6 ኪሎ 90 ሚ.ሊ. ነው፤ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚጥል መስመር በደቂቃ 30 ጠብታ፣ በየ2 ሰከንዱ አንድ። ቢዩሬት (የሚፈለገውን መጠን ብቻ የሚይዝ ባለ መስመር ዕቃ) ከሌለ ከረጢቱ ውስጥ መስመሩን የሚሞላውና 90 ሚ.ሊ.ው ብቻ ቀርቶ ሌላው ይደፋ። ብክነት ይመስላል፤ ግን ሙሉ ከረጢት ተንጠልጥሎ መቆጣጠሪያው የላላበት ሌሊት ሕፃን ይገድላል።

በየ10 ደቂቃው ይቆጠራል። ምቱና ትንፋሹ ረገብ ካለ ያው መጠን አንዴ ይደገምና ወደ ሪሶማል ይታለፋል። ካልተሻለው የኢንፌክሽን ሾክ ነው ብሎ መያዝ፤ በሰዓት 4 ሚ.ሊ. በኪሎ እየተሰጠ ደም ይፈለጋል። ደሙ ሲደርስ ሌላው የደም ሥር ፈሳሽ ቆሞ 10 ሚ.ሊ. በኪሎ በ3 ሰዓት፣ ሲጀመር ፉሮሴማይድ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) 1 ሚ.ግ. በኪሎ። ፉሮሴማይድ ቦታው ይህ ነው፤ የእግር እብጠት ለማጉደል ተብሎ መስጠት ፖታሲየሙን ጨርሶ ያሟጥጠዋል።

ትኩሳት ባይኖርም አንቲባዮቲክ፣ ማለትም አምፒሲሊን 50 ሚ.ግ. በኪሎ በየ6 ሰዓቱ፣ ጄንታሚሲን 7.5 ሚ.ግ. በኪሎ በቀን አንዴ ይጀመራል። አይረን በዚህ ደረጃ አይሰጥም።

ኤፍ-75 በየ2 ሰዓቱ 11 ሚ.ሊ. በኪሎ ነው፤ ለ6 ኪሎ 65 ሚ.ሊ.። እብጠቱ ፊቱ ድረስ ከደረሰ በቀን 100 ሚ.ሊ. በኪሎ ይበቃል፤ ለ6 ኪሎ በየጊዜው 50 ሚ.ሊ.። በተከታታይ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታዘዘለት 80 በመቶ ካልጨረሰ ቱቦ ይገባለታል። የሚዘለለው ሁልጊዜ የሌሊቱ ነው፣ «ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት» ተብሎ። ይቀስቀስ፤ ስኳሩ የሚወርደው ያኔ ነው።