ከሶፋው ጋር የሚሄደውን ስዕል ካወረድኩት በኋላ

አዲሱ ቤታችን እንደገባን የገዛሁት የመጀመሪያው ስዕል ከሶፋው ጋር የሚሄድ ነበር። ሶፋው ግራጫ፣ ትራሶቹ ሰማያዊ፤ ስዕሉም ግራጫና ሰማያዊ። ያየው ሁሉ «ያምራል» አለኝ። እውነትም ያምራል። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ዓይኔ ለመደውና ረሳው። አንድ ጊዜ ግድግዳው ቀለም ሊቀባ ሲል አወረድነውና ሳምንት ሙሉ መኝታ ቤት ተቀመጠ። «ስዕሉ የት ሄደ?» ያለ ሰው የለም። እኔም አላልኩም።

ይህ ከነከነኝ። ነገ ከዚህ ቤት ብንወጣ መጀመሪያ ብብቴ ስር ይዤ የምወጣው ምስል የትኛው ነው? ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። መልሱ ግድግዳ ላይ አልነበረም። መሳቢያ ውስጥ ነበር።

አባቴ ሊሠራው ያሰበውን ቤት ፕላን በእርሳስ ስሎ ነበር። አርክቴክት አልነበረም። ከሂሳብ ደብተር በገነጠላት ወረቀት ላይ አንዷን ካሬ ግማሽ ሜትር እያለ ቆጥሮ ነው የሳለው። የወጥ ቤቱን በር ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ሦስት ቦታ አድርጎታል። ላጲሱ ወረቀቱን አሳስቶታል፤ ወደ መስኮት ስታነሱት እነዚያ ቦታዎች ብርሃን ያሳልፋሉ። ጥግ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል «የልጆች» ብሎ ጽፏል። ቤቱ ሳይሠራ አባቴ አረፈ።

«ይህ ደግሞ ስዕል ይባላል?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ይባላል ባይ ነኝ። ሰዓሊው ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1888 ፈረንሳይ ባለችው አርል ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ሳለ፣ የሱፍ አበባ ስዕሎቹን የሳለው ጓደኛው ሰዓሊው ጎጋን መጥቶ የሚያርፍበትን ክፍል ለማስጌጥ ነበር። የራሱን መኝታ ቤት ሲስል ደግሞ፣ በመጀመሪያው ቅጂ ላይ፣ ከአልጋው በላይ የተሰቀለው የሁለት ጓደኞቹ ምስል ነው። ግድግዳው ላይ ሰዎቹን ነው ያኖረው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ስዕል የምመርጥበት መንገድ ተቀየረ።

ግን ቸኮልኩና ትልቅ ስህተት ሠራሁ። ፕላኑን ፍሬም ሠሪ ጋ ወስጄ «አሳምርልኝ» ብቻ ብዬ ወጣሁ። ሰውየው ወረቀቱን ሙሉውን በኮላ ካርቶን ላይ ለጥፎ መለሰልኝ። ጀርባው ላይ አባቴ የድንጋይና የአሸዋ ሂሳብ ጽፎበት ነበር። ያ ጽሑፍ አሁን ካርቶኑ ስር ነው። ፎቶ እንኳ አላነሳሁትም።

ስለዚህ የማይተካ ወረቀት ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ፣ ቤት ሳላችሁ ፊቱንም ጀርባውንም ስካን አድርጉ። ፍሬም ሠሪውን «በምን ነው የምታያይዘው?» ብላችሁ ጠይቁ። ኮላም ፕላስተርም አይነካውም። ፕላስተር ቢጫ እየሆነ ወረቀቱን ያበላሸዋል። አራቱን ጥግ የሚይዙ ትናንሽ የወረቀት ኪሶች ይበቃሉ። ከኋላ የሚገባው ካርቶን አሲድ የሌለው ይሁን፤ ተራ ካርቶን ውሎ አድሮ ወረቀቱን ያቢጨዋል። መስታወቱም ወረቀቱን መንካት የለበትም። እርጥበት ሲመጣ ይጣበቃሉ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ልጄ በማርከር የሳለችው ስዕል ላይ ነው። ቀይ ጸጉር ያላት ሴት ነበረች። መስኮት አጠገብ ሰቀልኩት። ዓመት ሳይሞላ ጸጉሯ ሐመር ሮዝ ሆነ። የማርከር ቀለም ፀሐይ አይችልም። ብርሃን የወሰደው ቀለም ደግሞ አይመለስም። የቫን ጎግ መኝታ ቤት ግድግዳ እንኳ ሲሳል ሐምራዊ ነበር፤ ቀዩ ቀለም ስለጠፋ ነው ዛሬ ሰማያዊ የምናየው። ሙዚየሞች ወረቀት ላይ የተሠራን ሥራ በ50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ በደበዘዘ ብርሃን የሚያሳዩት ለዚህ ነው። አሁን የልጄን ስዕሎች ስካን አድርጌ ቅጂውን እሰቅላለሁ፤ ዋናው ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል።

ከባለቤቴ ጋር መምረጥ ሌላ ትምህርት ሆነኝ። አንድ ጀማሪ ሰዓሊ ዘንድ ባዶ ወንበር የተሳለበት ትንሽ ስዕል አይታ ወደደች። እኔ ምኑም አልታየኝም። «ለምን?» አልኳት። ልጅ ሆና እናቷ ከሥራ እስክትመጣ በር ላይ የምትጠብቅበት ወንበር ትዝ ብሏት ነው። ገዛነውና ሳንሰቅል ወለሉ ላይ፣ ግድግዳ አስደግፈን አንድ ወር አቆየነው። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው እሱን ሆነ። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ስዕል ወር ሳይደገፍ ሚስማር አንመታለትም። ከወር በኋላ ዓይናችን ከዘለለው ቦታው እኛ ቤት አይደለም።

አሰቃቀሉ ላይ ብዙ አልልም። የስዕሉ መሀል ከወለሉ 1.45 እስከ 1.5 ሜትር ቢሆን ለቆመ ሰው ዓይን ይመቻል። ከሶፋ በላይ ከሆነ ከመደገፊያው 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይበል፤ ስፋቱም የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት ጋዜጣ በልኩ ቆርጣችሁ ለጥፉና ሁለት ቀን እዩት። የልጄን ስዕሎች ግን አንድ ሜትር ላይ ነው የሰቀልኳቸው። የእሷ ዓይን እዚያ ነውና።

የአባቴን ፕላን ሳሎን ውስጥ፣ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። በሰቀልኩ በሦስተኛው ሳምንት እናቴ መጣች። መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ጣቷን መስታወቱ ላይ፣ ወረቀቱ የሳሳበት ቦታ ላይ አደረገች።

«ሦስቱንም ጊዜ ያስጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «በሩ ጓሮውን እንዲያሳየኝ ፈልጌ።»