«ውሃ ደግሞ ይፈለጋል?»

ክረምት ላይ የእህቴ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ መጣች። 12 ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች። ስትናገር ግን ያላት ግስ አንድ ነው፤ «እፈልጋለሁ»። መተኛት እፈልጋለሁ። ቴሌቪዥን እፈልጋለሁ። ሽንት ቤት እፈልጋለሁ።

በመጣች በሁለተኛው ቀን ወጥ ቤት ገብታ «እማማ፣ ውሃ እፈልጋለሁ» አለቻት እናቴን። እናቴ ሽንኩርት ከምትከትፍበት ቀና አለችና «ውሃ ደግሞ ይፈለጋል? ጠፍቶብሽ ነው? ጠማኝ አትይም ልጄ!» አለቻት። ልጅቷ ግራ ገባት። እኔ ደግሞ የክረምት ሥራ አገኘሁ።

በሙያዬ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለዚህ ነገር ሁሉ በሠንጠረዥ የሚፈታ ይመስለኛል። ወረቀት አወጣሁና በግራ በኩል «ፈለገ» ብዬ ጻፍኩ። በቀኝ በኩል ተመሳሳዮቹን ደረደርኩ፤ ሻ፣ ተመኘ፣ ከጀለ፣ ጓጓ፣ ቋመጠ፣ ጎመጀ። «እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው» አልኳት። በአንድ ምሽት ሸመደደቻቸው። ጎበዝ ናት።

በማግስቱ ጎረቤታችን ትኩስ ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። ልጅቷ እጇን አጣምራ፣ በትሕትና «እትዬ፣ ዳቦዎን ከጀልኩ» አለቻቸው። ሴትዮዋ ሳቃቸው እስኪያልቅ ቆዩና «ኧረ ውሰጂው ልጄ፣ ሳትሰርቂኝ!» አሏት። ከጀለ የሚባለው ሰው የራሱ ባልሆነ ነገር ላይ ዓይኑን ሲጥል ነው። የሰው ሀብት ይከጀላል፣ የሰው ሚስት ትከጀላለች። ዳቦ ይዞ ለመጣ ሰው የሚባል ቃል አይደለም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ «ጋሼ፣ ሽንት ቤት እሻለሁ» አለችኝ፤ የጃንሆይን አዋጅ የምታነብ ነው የመሰለኝ። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ሙድ ያዘብኝ። ሠንጠረዡን ቀደድኩት።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ቀላል ነው። ኪስ የምትገባ ደብተር ገዛሁና ሁለት ሳምንት ያህል የሰማሁትን ጻፍኩ። ታክሲ ውስጥ፣ በር ላይ፣ ገበያ፣ ለቅሶ ቤት። ቃሉን ብቻውን አልጽፍም፤ ዓረፍተ ነገሩን ከነተናጋሪው ነው። ማን ለማን እንዳለው ካልያዝኩ ቃሉ ከዳቦው ጉዳይ አያወጣኝም።

መጀመሪያ የገባኝ እናቴ በ«ውሃ እፈልጋለሁ» ለምን እንደተገረመች ነው። ጠማኝ፣ ራበኝ፣ አማረኝ፣ አሰኘኝ፣ ናፈቀኝ። በእነዚህ ሁሉ አድራጊው እኔ አይደለሁም። ነገሩ ነው መጥቶ የሚይዘኝ። ፈለግኩ፣ ተመኘሁ፣ ከጀልኩ፣ ጓጓሁ ስል ግን አድራጊው እኔው ራሴ ነኝ። አማርኛችን የሆድንና የናፍቆትን ነገር በሰውየው ላይ አያላክክም። እርጉዝ ሴት እኩለ ሌሊት ላይ ጥሬ ሥጋ ቢያምራት ማን ይቆጣታል? አማራት እንጂ አልፈለገችም። ደግሞ ይኸው «አማረ» ቆንጆ ሆነ ማለትም ነው፤ «አማረብሽ» እንላለን። እኔ ያማረ ነገር ስለሚያምር ነው ብዬ ለራሴ አስረድቼ አልፌዋለሁ።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከሰፈር ልጆች ነው። ግቢው በር ላይ ሁለት ልጆች ተያያዙ። ሲገላገሉ አንዱ እያለቀሰ «እሱ ነው የፈለገኝ!» አለ። የእኛዋ ሮጣ መጣችና በሹክሹክታ «ይወደዋል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ፈለገኝ ማለት ነካካኝ፣ ነገር ጀመረኝ ማለት እንደሆነ የት ታውቀው! «ነገር ፈላጊ» የሚለውን ያን ቀን ጨመርንበት። «ፈልጎ ነው» ሲባልም ሆን ብሎ ማለት ነው፤ ብርጭቆ ስትሰብር በደንብ ገባት።

ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ስንቆም ደግሞ ቃሉ ሌላ መልክ ያወጣል። «ሠራተኛ ይፈለጋል» የሚለው ሥር «ተፈላጊ የትምህርት ደረጃ» ይላል። አጠገቡ የአንድ አዛውንት ፎቶ ተለጥፏል፤ «አፋልጉን» ይላል። ፖሊስም የሚያድነውን ሰው «ተፈላጊ» ይላል። አንዱን ቀጣሪ ይፈልገዋል፣ አንዱን ቤተሰብ፣ አንዱን ፖሊስ። ልጅቷ ከአዛውንቱ ፎቶ ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ቆመች። «ተገኙ?» አለችኝ። ወረቀቱ ዝናብ መትቶት ቀለሙ ለቋል። ዝም አልኳት።

ሻን ከቋንቋው አውጥቼ ልጥለው ነበር፤ አሳዘነኝ። ብቻውን አርጅቷል እንጂ ዘመዶቹ በሕይወት አሉ። «እንዳሻህ» እንላለን። «ማብራሪያ አያሻውም» ይላሉ ጋዜጠኞች። ከሁሉ የወደድኩት ግን ሌባ ሻይን ነው። ድሮ ሌባ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይሄዳል። የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስንቱ ንጹሕ ሰው እንዲህ ተፈርዶበት ይሆን? ልጅቷ መጀመሪያ የሚጠጣ ሻይ መስሏት ነበር። እዚህ ሻይ ማለት ፈላጊ ማለት ነው። ሻም እንደ ፈለገ ሁለቱንም ይዟል፤ መመኘትንም ማሰስንም። «ይሻላል» ከሚለው ጋር ግን እንዳይምታታባችሁ። እሷ ለሳምንት አምታትታዋለች፤ እኔም ሳስረዳት ራሴ ተምታታብኝ።

ቤታችን የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት አለ። እሳቸው ካረፉ በኋላ በ1948 ዓ.ም ለኅትመት የበቃው ማለቴ ነው። ፈ መጨረሻ ላይ ትገኛለች ብዬ ከኋላ ጀመርኩ። የለችም። ግማሽ ሰዓት ከደከምኩ በኋላ መጽሐፉ የሚሄደው አበገደ በሚባለው ሌላ የፊደል ተራ እንጂ በለመድነው ሀለሐመ እንዳልሆነ ትዝ አለኝ። ፈለገን ፍለጋ ማለት ይኸው ነው!

ድካሙ ግን ከንቱ አልቀረም። በግእዝ ፈለግ ወንዝ ነው። ባሕር ዳር ያለው ሆስፒታል «ፈለገ ሕይወት» የተባለው ሕይወትን የፈለገ ሰው ኖሮ አይደለም፤ የሕይወት ወንዝ ማለት ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ በሽተኛውን ነበር የማስበው። በአማርኛ ደግሞ ፈለግ ዱካ ነው፤ «የአባቱን ፈለግ ተከተለ» ይባላል።

መፈለግ በግእዝ «ፈቀደ» ነው። ይኼ ነው በጣም የገረመኝ። በአማርኛ ፈቀደ ማለት ለሌላው ለቀቀለት፣ አደርግ ዘንድ ፈቀደልኝ ነው። የመንጃ ፈቃድ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ። በአባታችን ሆይ ላይ «ፈቃድህ ትሁን» ስንል ግን የምንለው የምትፈልገው ይሁን ነው። «በገዛ ፈቃዱ» ስንልም አሮጌው ትርጉም አብሮን አለ። ስንት ዓመት ጸልዬ መንጃ ፈቃዴንና ያንን አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም ነበር። ተመኘም እንደዚሁ ሁለት ቦታ ይገባል። «የባልንጀራህን ቤት አትመኝ» ላይ ኃጢአት ነው፤ የልደት ካርድ ላይ ሲመጣ «መልካም ምኞት» ይሆናል።

ያስቸገረን ትሕትናው ነው። እንግዳ በር ሲያንኳኳ «ማንን ፈልገው ነው?» ይባላል። መላሹ «እሳቸውን እፈልጋለሁ» ቢል ዕዳ ሊያስከፍል የመጣ ይመስላል። «ፈልጌያቸው ነበር» ነው የሚለው። አሁንም በሩ ላይ ቆሞ እየፈለገ፣ እንዳለፈ ነገር ያወራዋል። ነገሩን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲያደርጉት ይለዝባል። ይህን ለልጅ በሕግ ማስረዳት አልቻልኩም። ስለዚህ በር ላይ ቆመን ተጫወትነው፤ አንዴ እሷ እንግዳ፣ አንዴ እኔ። እንደዚያ ያዘችው። ከሠንጠረዡ ይልቅ ከመጀመሪያው ቀን በጨዋታ ብጀምር ኖሮ ብዬ ተቆጨሁ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተመለሰች። ደብተሩን ይዛው ሄዳለች። በመስከረም በቪዲዮ ደወለች። የትምህርት ቤቱን ወሬ ከጨረሰች በኋላ ትንሽ ዝም አለችና «እማማ» አለች፣ «ያንቺ ሽሮ አማረኝ።»

እናቴ ስልኩን እኔ ላይ ጣለችው። በማግስቱ በጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ አሜሪካ የሚሄድ መንገደኛ ፍለጋ።