ዲስክ ከላፕቶፕ ሲነቀል

ላፕቶፕ ከፍቶ ዲስክ ወይም ራም (የማሽኑን ጊዜያዊ ማስታወሻ) መቀየር ለእጅ የሚከብድ ሥራ አይደለም። አንድ ትንሽ ካቻቢቴ፣ አንድ የጊታር መምቻና ብርሃን ያለው ጠረጴዛ ይበቃል። በእኔ ግምት አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ማሽኑ ጠፍቷል ተብሎ በመታሰቡ ነው።

ክዳኑ ሲዘጋ ላፕቶፑ ብዙ ጊዜ ይተኛል እንጂ አይጠፋም። በእንቅልፍ ላይ ራሙ ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ ያገኛል፤ ሳይዘጋ የቀረው ሥራ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና። ቲንክፓድ የሚባለው የሌኖቮ ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ቀስ እያለች ብልጭ ትላለች። ነጥቧ ብልጭ እያለች ራም መንቀል ራሙንም ዋናውን ቦርድም ለማቃጠል መድፈር ነው።

ነጥቧ ብትጠፋም ገና አንድ ነገር ይቀራል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል አሠራር አለ፤ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ከፋብሪካው ጀምሮ በርቶ ይመጣል። ሻት ዳውን ሲባል የሲስተሙን ዋና ክፍል ዲስክ ላይ ጽፎ ያስቀምጥና በማግስቱ ካቆመበት ይቀጥላል። ዲስኩ በዚህ ሁኔታ ወጥቶ ሌላ ማሽን ላይ ቢሰካና ፋይል ቢጻፍበት፣ ወደ ቦታው ሲመለስ ዊንዶውስ የሚያውቀው ትናንት የነበረውን ነው፤ አዲሱ ፋይል ሊጠፋ፣ ፓርቲሽኑም (የዲስኩ ክፍልፋይ) ሊበላሽ ይችላል። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም እንዲህ ያለውን ፓርቲሽን ለንባብ ብቻ የሚከፍተው፣ አንዳንዴም ጭራሽ አልከፍትም የሚለው ለዚህ ነው። ዲስኩ ሞተ ተብሎ አዲስ የሚገዛበት ጊዜ አለ፤ መፍትሔው ግን ሺፍት ቁልፍን ተጭኖ ይዞ ሻት ዳውን ማለት ነበር። ሪስታርት ሲደረግም ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ፋስት ስታርትአፕ የሚሠራው በሻት ዳውን ላይ ብቻ ነው። ሰውን እንዲህ የሚያሳስት አሠራር እንዴት በርቶ እንደሚመጣ አሁንም አይገባኝም።

ቀጥሎ ባትሪው አለ። በ2018 የወጣውን ቲንክፓድ ቲ480 እንውሰድ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገሉ ላፕቶፖች በሚሸጡባቸው ሱቆች የሚታወቅ ማሽን ነው። ከኋላው ያለው ባትሪ መቆለፊያዎቹ ሲገፉ ይወጣል፤ ወጥቶም ማሽኑ ሥራውን ይቀጥላል፣ ምክንያቱም በውስጡ ሌላ ባለ 24 ዋት ሰዓት ባትሪ አለ። ሥራ ሳይቋረጥ ባትሪ ለመቀየር የታሰበ ጥሩ ነገር ነው፤ የኋላውን አውጥቶ ኤሌክትሪኩን እንደቆረጠ ለሚያስብ ሰው ግን ወጥመድ ነው።

የውስጡ ባትሪ የሚዘጋው ከባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ከሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ነው። በመጀመሪያ ፋስት ስታርትአፕ ይጥፋ። ከዚያ ቻርጀሩ ይነቀልና ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ1 ተጭኖ ኮንፊግ፣ ቀጥሎ ፓወር ውስጥ ተገብቶ ዲሴብል ቢልትኢን ባትሪ የሚለው ይመረጣል። የስ ሲባል ማሽኑ ራሱ ይጠፋል። ከዚህ በኋላ ማብሪያው ቢጫን እንኳ አይነሳም፤ ቻርጀር ሲሰካ ባትሪው በራሱ ወደ ሥራ ይመለሳል። ከመክፈት በፊት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መጠበቅ ደግ ነው፤ ከሥራ የመጣ ማሽን ውስጡ ይፈጃል።

የታችኛው ክዳን ብሎኖች ይላላሉ እንጂ ከክዳኑ አይወጡም፤ እስኪወጡ ማዞር ጥርሳቸውን መብላት ነው። ብሎኖቹ ከላሉ በኋላም ክዳኑ በዙሪያው ባሉ የፕላስቲክ ጥርሶች ተይዟል፤ መምቻውን በጠርዙ በኩል አስገብቶ ቀስ እያሉ ማስለቀቅ ነው። የኤስዲ ካርድ ካለ አስቀድሞ ይውጣ። በደረቁ የበጋ ወራት ምንጣፍ ወይም ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጦ መሥራት ደስ አይለኝም፤ ቺፕ ከመንካት በፊት ብረት መንካት ልማድ ይሁን።

ኤም.2 የሚባለው ቀጭን ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) አንዷ ብሎን ስትወጣ በራሱ ብድግ ብሎ ዘንበል ይላል። የሚሳበው በዚያው ዝንባሌ ነው፤ ወደ ታች ተጭኖ መጎተት ማስገቢያውን ይሰብራል። 2280 ማለት ወርዱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር ማለት ነው። የሚያስቸግረው ርዝመቱ ሳይሆን ዓይነቱ፣ ማለትም ከማሽኑ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ (አሮጌው ሳታ ወይም አዲሱ ኤንቪኤምኢ) ነው፦ ብዙዎቹ የሳታ ኤም.2 ዲስኮች ጫፋቸው ላይ ሁለት ክፍተት ስላላቸው የኤንቪኤምኢ ማስገቢያ ውስጥ በደንብ ይገባሉ፣ ብሎናቸውም ይታሰራል፤ ማሽኑ ግን አያያቸውም። ቲ480 ላይ ደግሞ የዲስክ መያዣውና ጠፍጣፋው ኬብል ለሳታና ለኤንቪኤምኢ የተለያዩ ናቸው፤ ዲስኩን ብቻ ገዝቶ መምጣት አይበቃም።

ስለ ራም ብዙ የሚባል የለም። ዲዲአር3 204፣ ዲዲአር4 260፣ ዲዲአር5 262 ፒን ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በ30 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብሎ ወርቃማው ጠርዝ እስኪሰወር ይገፋል፣ ከዚያ ሁለቱም ቅንጥቦች ቀጭ እስኪሉ ወደ ታች ይጫናል። መጀመሪያ ሲነሳ ስክሪኑ ለጥቂት ጊዜ ጨለማ ሊሆን ይችላል፤ ዲዲአር5 ላይ ከደቂቃም ሊያልፍ ስለሚችል ደንግጦ ማብሪያውን መያዝ አያስፈልግም።

ማሽኑ እየሠራ የሚነቀልም አለ። በ2012 የወጣው ቲ430 በጎኑ አልትራቤይ የሚባል ማስገቢያ አለው፤ ዲቪዲው ወጥቶ በምትኩ ሁለተኛ ዲስክ ከነመያዣው ይገባል። የቲ430 መያዣ ውፍረቱ 12.7 ሚሊሜትር ነው፣ የቀጭኑ የቲ430ኤስ ደግሞ 9.5፤ ስማቸው በአንዲት ፊደል ስለሚለያይ ሻጭም ገዢም ይሳሳታል። የሳታ ማገናኛ ለዚህ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ረዘም ያሉት የግራውንድ ፒኖች ሲገባ ቀድመው ይነካሉ፣ ሲወጣ መጨረሻ ይለቃሉ። ባዮስ ውስጥ ግን የሳታው ምርጫ ኤኤችሲአይ በሚባለው ላይ መሆን አለበት፤ ኮምፓቲቢሊቲ ላይ ከሆነ አጥፍቶ መንቀል ነው።

ከመንቀል በፊት ከስክሪኑ ታች ጥግ ባለችው ምልክት ዲስኩ ኢጀክት (ልቀቅ) ይባላል፤ ገና ያልተጻፈ ዳታ የሚጻፈው ያኔ ነው። ዲስኩ ሥራ ላይ ነው ብሎ እምቢ ካለ በጉልበት አይነቀልም። ኢቨንት ቪውወር በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ በሲስተም ሥር ቁጥር 225 ተፈልጎ ቢታይ የያዘው ፕሮግራም ስሙ ተጽፏል። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ፔጅ ፋይል ያ ዲስክ ላይ ከተደረገ ግን ቦታው ካልተቀየረ በቀር አይለቅም። ኢጀክት ከተባለ በኋላ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ እስኪቆም 15 ሰከንድ ያህል መታገሥ ነው፤ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ነገር ወዲያው አይቆምም።

ዲስኩ ወደ ሌላ ላፕቶፕ የሚዛወር ከሆነ ዲስክ የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር መብራት አለመብራቱ ይታይ። በማይክሮሶፍት አካውንት በተከፈተ ዊንዶውስ 11 ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ በርቶ ሊገኝ ይችላል። ዲስኩን የሚከፍተው ቁልፍ የተቆለፈው በአሮጌው ቦርድ ላይ ባለው ቲፒኤም የሚባል የደህንነት ቺፕ ስለሆነ አዲሱ ማሽን ባለ 48 አሃዙን ሪከቨሪ ኪ ይጠይቃል። ያ ቁጥር አካውንቱ ውስጥ ገብቶ የሚታየው፣ ወረቀት ላይም የሚገለበጠው አሮጌው ላፕቶፕ ገና በሰላም እየተነሳ ሳለ ነው።