ማርብል፣ ግራናይት ወይስ ኳርትዝ? እኛ የመረጥነውና ለምን

ኪችናችንን ልናድስ ስንነሳ ካቢኔቱ ብዙም አላጨቃጨቀንም፣ ጅማ ተቀምጦ ጥሩ እንጨት ሰሪ ማግኘት አይከብድም። ጭቅጭቁ የመጣው ከላይ የሚነጠፈው ድንጋይ ላይ ነው። እማዬ ነጭ ማርብል አለች፣ ባለቤቴ ኳርትዝ፣ እኔ ግን ከመጀመሪያውም ልቤ ግራናይት ላይ ነበር ምክንያቱም እኛ ቤት ምን እንደሚበስል አውቀዋለሁ።

ማርብል በመሰረቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ አሲድ ይበላዋል። ሎሚ በሉት ኮምጣጤ በሉት ቲማቲም፣ ሌላው ቀርቶ የእንጀራ እርሾ ፈስሶ ካደረበት ላዩን ያደበዝዘዋል። ይሄ ደግሞ እድፍ አይደለም፣ የተበላው ራሱ ድንጋዩ ስለሆነ በምንም ሳሙና አይለቅም። ሲለር፣ ማለትም የድንጋዩን ጥቃቅን ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ፣ እንቀባዋለን ይሏችኋል፣ ሲለር ዘይትና ቀለም ቶሎ እንዳይሰርግ ይረዳል እንጂ ሎሚን አያቆመውም።

ይሄን በአፍ ብቻ ብነግራት እማዬ የምትሰማኝ አይደለችም። ስለዚህ ድንጋይ ቆራጮቹ ጋ ሄጄ ሽራፊ ለመንኩ፣ የሚጣል ስለሆነ በደስታ ነው የሰጡኝ፣ ነጭ ማርብል፣ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ግራናይትና ጥቁር ግራናይት። ማታ ሶስቱም ላይ ግማሽ ሎሚ ደፋሁ፣ ጎኑ እርድ በዘይት፣ ጎኑ የቡና አተላ። ጠዋት ሲታጠብ ማርብሉ ላይ ሎሚው የነበረበት ቦታ ክብ ሆኖ ቀርቷል፣ ወደ መስኮቱ ዘንበል ስታደርጉት ደብዛዛ ቀለበት ይታያል፣ በጣት ሲነካም ሻከር ይላል፣ እርዱም ቢጫውን ጥሎ ነው የሄደው። ግራጫው ላይ ዘይቱ ትንሽ ጠቆር አድርጎታል። ጥቁሩ ምንም አልሆነ። እማዬ ቀለበቱን በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አድርጋ "በቃ ልጄ፣ አንቺ ያልሽው ይሁን" አለችኝ።

ከዚህ የተረዳሁት ግራናይት ሁሉ እኩል እንዳልሆነ ነው። ፈዘዝ ያለው ብዙ ጊዜ ውሃና ዘይት ይጠጣል፣ ሲለር የሚያስፈልገውም እሱ ነው። ለማወቅ ቀላል ነው፣ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ አስር ደቂቃ ያህል ተዉት፣ ስታብሱት ቦታው ጠቁሮ ከቀረ ይጠጣል ማለት ነው። ማርብል መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም እኮ፣ ከቤኒሻንጉል የሚወጣው የሀገራችን ማርብል ለደረጃና ለመስኮት በጣም ያምራል፣ ሎሚ የሚጨመቅበት ቦታ ላይ አይሁን ነው የምለው።

ኳርትዝ የሚባለው ደግሞ የተፈጨ የኳርትዝ ድንጋይ በሬዚን፣ ማለትም እንደ ፕላስቲክ በሚደርቅ ማጣበቂያ፣ ተጣብቆ ፋብሪካ ውስጥ የሚሰራ ነው። እድፍ አይዝም፣ ሲለር አይፈልግም፣ ግን ሬዚኑ ሙቀት አይችልም፣ ከ150 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሆን ቀለሙ ሊቀየር ወይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ድስት ከእሳት ወርዶ በቀጥታ የሚቀመጥበት ቤት ይዞ ይሄን መግዛት አልታየኝም፣ ባለቤቴም ይሄን ሲሰማ ተወው።

ገጠማው ላይ ትልቁ ነገር ክብደቱ ነው። 2 ሳንቲ ውፍረት ያለው ግራናይት በካሬ ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ስለዚህ ካቢኔቱ ጠንካራ መሆን አለበት፣ በውሃ ልክም ሳይለካ ድንጋይ መጫን የለበትም፣ ከስሩ ክፍተት ካለ አንድ ቀን እዛው ጋ ነው የሚሰነጠቀው። ሲሸከሙትም እንደ መስታወት በጠርዙ አቁመው ነው፣ ጠፍጣፋውን አስተኝተው ሲያነሱት በራሱ ክብደት ሊሰበር ይችላል፣ በተለይ ሲንኩ የሚገባበት ከተቆረጠ በኋላ ፊትና ኋላ የምትቀረው ቀጭን ነገር በጣም ታስፈራለች።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ ልናገር የፈለግኩትን። ድንጋይ የሚቆርጡት ልጆች የሲንኩን ቦታ ሊቆርጡ ግራይንደር ሲያስነሱ አፍንጫቸው ላይ ሻርፕ ብቻ ነበር፣ ግቢው በአንዴ ነጭ ጉም ሆነ። ያ ዱቄት ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለው፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የሚባል የማይድን በሽታ ያመጣል። ኳርትዙ ላይ ይብሳል፣ አብዛኛው ሲሊካ ስለሆነ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ ከልክላዋለች፣ ግራናይትም ግን አለው። አስቁሜያቸው ጎማ ዘርግተን ዲስኩ የሚነካው ቦታ ላይ ውሃ እያፈሰስን ተቆረጠ፣ አቧራው ጭቃ ሆኖ ወረደ፣ ማስክም ገዝተን ሰጠናቸው። ትልቁ ልጅ "እህቴ፣ ሌላ ቤት ማንም እንዲህ ብሎን አያውቅም" ሲለኝ በጣም ነው ያሳዘነኝ። እባካችሁ ስታሰሩ በውሃ ይቆረጥ በሉ፣ ከስራው ዋጋ ጋር አብራችሁ ተነጋገሩበት፣ የሚቆርጡት የሰው ልጆች ናቸው።

ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትንና የሲንኩን ዙሪያ በሲሊኮን ሞሉት፣ እስኪደርቅ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ አላስነካነውም። ሙቀጫ ግን ካውንተሩ ላይ አይወጣም ብለን ተስማምተናል፣ ግራናይት ጭነት ይችላል እንጂ ሲወቀጥበት፣ በተለይ ከስሩ ድጋፍ የሌለው ጠርዝ ላይ፣ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ቡናው እንደ ድሮው መሬት ላይ ነው የሚወቀጠው።