ወደ ሄይሊበሪ የሚወጣው ዳገት

ለንደን የምትኖረውን እህቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከልጇ ጋር ከሊቨርፑል ስትሪት ባቡር ተሳፈርን። ሀርትፎርድ ወርደን ወደ ሄይሊበሪ የሚወስደውን ዳገት በእግራችን ተያያዝነው። ዝናቡ አባርቷል፤ የረገፈው ቅጠል ጫማችን ላይ ይለጠፋል።

ዳገቱ ሲያልቅ ረጅሙ ሕንፃ ከነዓምዶቹ ብቅ አለ። ዛሬ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ከ1809 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እስከ 1858 ግን ህንድን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ የንግድ ድርጅት፣ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ፣ ሹሞቹን የሚያሠለጥነው እዚህ ነበር። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ፋርስኛና ሳንስክሪት እያጠኑ፣ ምጣኔ ሀብትን ስለ ሕዝብ ብዛት በጻፈው በሊቁ በማልተስ አንደበት እየሰሙ፣ በዓይናቸው ያላዩትን አገር ሊገዙ ይሰናዱ ነበር። የኩባንያው የጦር ትምህርት ቤት ደግሞ ከለንደን በስተደቡብ፣ አዲስኮምብ ነበር፤ በ1868 መቅደላ ላይ የዘመተው ናፒየር የወጣው ከዚያ ነው። ይህን ስነግረው የእህቴ ልጅ ቆም አለ። «አጎቴ፣ እኛ ክፍል የመቅደላ ስም ተነሥቶ አያውቅም።» የናፒየር ሐውልት ፈረሱ ላይ ተቀምጦ በሚታይበት ከተማ ተወልዶ! አንጀቴን በላው።

እዚያ ድረስ የወሰደኝ ግን የ1900 ታሪክ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቦኤሮች (ከእንግሊዝ ጋር ይዋጉ የነበሩ የደች ዘር ሰፋሪዎች) ከበዋት የነበረችው የእንግሊዞች ከተማ ሌዲስሚዝ ነፃ ወጣች ሲባል፣ ተማሪዎቹ ለደስታው የግማሽ ቀን ዕረፍት ጠየቁ። ርዕሰ መምህሩ ኤድዋርድ ሊተልተን ለቦኤሮች ያደላሉ ይባል ነበር፤ ከለከሉ። ልጆቹ ትምህርቱን ጥለው በሰልፍ ወደ ከተማ ተመሙ። ከትልልቆቹ 72ቱ በአርጩሜ ተገረፉ። ታዝዞ የሚኮራ ልጅ አይገርመኝም። እነዚህ ግን የኮሩት አለቃቸውን አምፀው ነው! የእንግሊዝን ግዛት ፍቅር ከአባትና ከወንድም፣ ከመኝታ ክፍል ወሬ ጠጥተውታል እንጂ ማንም አላዘዛቸውም።

ከተገረፉት አንዱ ክሌመንት አትሊ ነበር። ተራው ሲደርስ የርዕሰ መምህሩ ክንድ ዝሎ እንደነበር በኋላ ጽፏል። ካደገ በኋላ ትምህርት ቤቱ በሚረዳው የምሥራቅ ለንደን ድሆች ልጆች ክበብ አገለገለ፤ በ1928 ህንድን በዓይኑ አየ። በ1947 ህንድ ነፃ ስትወጣ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር እሱ ነበር።

በመመለሻው ባቡር የእህቴ ልጅ «መቅደላ የት ነው?» አለኝ። መስኮቱ በእንፋሎት ደብዝዟል። በጣቴ መጀመሪያ ደሴን፣ ቀጥሎ በሽሎን፣ ከዚያ አምባውን ሣልኩለት።